ቁልቁል የወጣው ሰው

በአማርኛችን «ቁልቁለት» መልካም ስም የለውም። ኑሮው የተበላሸበትን ሰው «ቁልቁል ሄደ» እንላለን፤ ሹመቱን የተነጠቀውን «ወረደ» እንለዋለን፤ «ውርደት» የሚለው ቃልም ከዚያው ከመውረድ የተወለደ ነው። ክብር የተባለ ሁሉ ሽቅብ ነው፤ ልዕልና፣ ከፍታ፣ መውጣት። ዳገት የጨረሰ ሰው ይመሰገናል እንጂ ቁልቁለት ስለ ወረደ ማንም ጀግና አላለውም። መውረድማ ድንጋይም ይወርዳል።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን በመውረድ ስለ ከበረ ሰው ነው። ስሙ ፍራንዝ ክላመር ይባላል፤ አገሩ ኦስትሪያ፣ ሙያው የበረዶ ሸርተቴ፣ ማለትም የስኪ ቁልቁለት ውድድር ነው። የእኔና የእናንተ በረዶ በክረምት የቤታችንን ቆርቆሮ የሚደበድበው፣ የደረሰ ማሳ የሚያወድመው ነው። የእርሱ በረዶ እንደ ተነደፈ ጥጥ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ድምፅ ወርዶ፣ ማለዳ ሲነጋ ዓለሙን አንድ ዓይነት ነጭ አድርጎ የሚጠብቀው ነው። «ታዲያ ይህ ሰው ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ከእኛም ወገን ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሮ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኗል፤ የእርሱ ዘርፍ ግን አገር አቋራጭ ነበር። በቁልቁለቱ በኩል የምንኮራበት የራሳችን ሰው የለንም። እኔም ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በስፖርት ፍቅር አይደለም። አንድ ሰው አገሩን በትከሻው ተሸክሞ ሲወርድ አይቼ፣ ከወረደ በኋላስ ምን ሆነ ብዬ በመጠየቅ ነው።

(ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

* * *

የቁልቁለት ውድድር ሕጉ አጭር ነው። ተወዳዳሪው ከተራራው አናት ካለች አንዲት ትንሽ ጎጆ ይወጣል፤ በባንዲራ በተመለከቱ በሮች መካከል ያልፋል፤ ከታች የተሰመረውን መስመር ያቋርጣል። ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። እያንዳንዱ በተራው ብቻውን ይወርዳል፤ ባላጋራው ከፊቱ የሚታይ ሰው ሳይሆን የማይታይ ሰዓት ነው። ሁለተኛ ዙር የለም። ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል በሚፈጅ መውረድ ውስጥ የዓመት ልፋት ይጸድቃል፣ ወይም ይከስራል።

ፍጥነቱ በብዙ ሥፍራ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በክላመር ዘመን ከዚህ ፍጥነት ሰውየውን የሚጠብቀው ስስ ልብስና የራስ ቁር፣ ከእግሩ ሥርም የብረት ጠርዝ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ስኪዎች ብቻ ነበሩ። በኦስትሪያ ኪትስቢዩል በምትባል ከተማ ከ1931 ጀምሮ የሚካሄድ ውድድር አለ። ከመነሻው ጥቂት ወረድ ብሎ ያለው አፋፍ «የአይጥ ወጥመድ» ይባላል፤ ተዳፋቱ እስከ 85 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ አፋፍ ላይ ሰው አየር ላይ ይወጣል እንጂ አይንሸራተትም። መሬቱ ከእግሩ ይሸሸዋል።

ስለዚህ በዚህ ሙያ የሚፈለገው ፍርሃት የሌለው ሰው ነው ብንል እንሳሳታለን። ፍርሃት የሌለው ሰው በመጀመሪያው ወር ይሰበራል። የሚፈለገው ፍርሃቱን ይዞ፣ ፍርሃቱ «አሁን ፍጥነትህን ቀንስ» ሲለው «ትንሽ ቆይ» የሚል ሰው ነው። ያቺ «ትንሽ ቆይ» የምትባለው ናት በመጨረሻ በሰዓቱ ላይ የምትነበበው።

* * *

ኦስትሪያ ለዚህ ውድድር ያላትን ፍቅር ለመረዳት ታሪኳን ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። ያቺ አገር በአንድ ወቅት የታላቅ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ማዕከል ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግዛቱ ፈርሶ ትንሽ ሪፐብሊክ ሆና ቀረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለ10 ዓመታት በአራቱ ኃያላን ሠራዊት ተይዛ ኖራ፣ ነፃነቷን ያገኘችው በ1955 ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1956፣ የኪትስቢዩሉ ልጅ ቶኒ ዛይለር በጣሊያን ኮርቲና ዳምፔዞ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሦስት የወርቅ ሜዳልያ አጠለቀ። ገና ራሷን ማወቅ ለጀመረች ትንሽ አገር ይህ ከስፖርት ድል ይበልጣል። «አለሁ» ማለት ነበር። ከዚያ ወዲህ የኦስትሪያ ሕዝብ ስኪን እንደ ጨዋታ አላየውም፤ የአገር ስም የሚጠራበት አደባባይ አድርጎ ያዘው እንጂ።

ያ አደባባይ በ1972 ተደፈረ። ጃፓን ሳፖሮ ላይ የክረምት ኦሊምፒክ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት አሜሪካዊው አቬሪ ብራንዴጅ የኦስትሪያውን አንጋፋ ካርል ሽራንዝን አስወጣው። ወንጀሉ «ፕሮፌሽናል ነህ፤ ስምህንና ፎቶግራፍህን ለንግድ ማስታወቂያ አውለሃል» የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ከስኪ ፋብሪካ ምንም ያልተቀበለ የታወቀ ተወዳዳሪ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል። ከብዙዎች መካከል አንዱ ተመርጦ ተቀጣ። ሽራንዝ በ33 ዓመቱ፣ ሳይወዳደር፣ ወደ ቪዬና ተመለሰ። ሕዝቡ በአሥር ሺዎች እየተቆጠረ ወጥቶ እንደ ድል አድራጊ ተቀበለው፤ መራሔ መንግሥቱ ብሩኖ ክራይስኪም ከሰገነት ላይ አብረውት ታዩ። በሳፖሮ የቁልቁለቱን ወርቅ የወሰደው ስዊዘርላንዳዊው በርንሃርድ ሩሲ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ ሕዝብ የተበደለበትን ነገር በፍርድ ቤት መመለስ ካልቻለ የሚመልስለት ሰው ይጠብቃል። ያ ሰው ማን እንደሚሆን አያውቅም። የሚመጣው ሰውም ዕዳ ተረክቦ እንደሚመጣ አያውቅም።

* * *

ፍራንዝ ክላመር የተወለደው በ1953 ከስኪ ስመ ጥር ከተሞች ርቃ በምትገኝ፣ በካሪንትያ ክፍለ ሀገር ሞስቫልድ በተባለች የተራራ መንደር ነው። ወላጆቹ ገበሬዎች ነበሩ። በዚያ አገር ክረምት ስኪ መገልገያ እንጂ ቅንጦት አይደለም፤ ልጁም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው በስኪ ነበር ይባላል። እኛ አገር ብዙ ሯጮች ትምህርት ቤት በመሮጥ ጀመሩ እንደሚባለው መሆኑ ነው። የድሃ አገር ስልጠና በየትም ዓለም አንድ ነው፤ መንገድ።

በ1973 መጨረሻ፣ በ20 ዓመቱ፣ ሽላድሚንግ በምትባል የኦስትሪያ ከተማ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ድል አገኘ። የዓለም ዋንጫ የምንለው እንደ እግር ኳሱ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ አይደለም። ከ1967 ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ከተራራ ወደ ተራራ እየተዘዋወረ የሚካሄድ፣ ነጥብ የሚደመርበት ውድድር ነው። በ1974 እና በ1975 መካከል ባለው ክረምት ዘጠኝ የቁልቁለት ውድድሮች ነበሩ፤ ክላመር ስምንቱን አሸነፈ። ዘጠነኛውን ያጣው ፈረንሳይ ሜዤቭ ላይ ስኪው ከእግሩ ወልቆ ነው። በዚያው ክረምት በስዊዘርላንድ ቬንገን ሁለተኛውን ከሦስት ሰከንድ በላይ ጥሎት ገባ። በመቶኛ ሰከንድ በሚለያዩበት ውድድር ሦስት ሰከንድ ማለት ሰውየው ከሌሎቹ ጋር አልተወዳደረም ማለት ነው።

ነገር ግን የዚያ ክረምት አጠቃላይ ዋንጫ የእርሱ አልሆነም። የመጨረሻው ውድድር ሲደርስ ክላመር፣ ጣሊያናዊው ጉስታቭ ቶኒና ስዊድናዊው ኢንጌማር ስቴንማርክ በነጥብ እኩል ነበሩ። የሚለያቸው ግን ቁልቁለት አልነበረም፤ በተደጋጋሚ በሮች መካከል እየተጠማዘዙ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚወርዱበት ስላሎም ነበር። ያ የሌሎቹ ሁለቱ ሙያ ነው። ክላመር በመጀመሪያው ዙር ወጣ፤ ዋንጫውን ቶኒ ወሰደ። የዓለም ፈጣኑ ሰው በመጠማዘዝ ተሸነፈ። እኔ ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። በየመሥሪያ ቤቱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው በመጨረሻ የሚሸነፈው እንዲህ አይደለምን?

* * *

የ1976 የክረምት ኦሊምፒክ መጀመሪያ የተሰጠው ለአሜሪካዋ ዴንቨር ነበር። የኮሎራዶ ሕዝብ በ1972 «ገንዘባችንን ለዚህ አናወጣም» ብሎ ድምፅ ስለ ሰጠ፣ ዝግጅቱ ከ12 ዓመት በፊት ወዳስተናገደችው ወደ ኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ተመለሰ። ታሪክ እንዲህ ናት። በሮኪ ተራሮች ግርጌ የተቆጠረ ድምፅ የካሪንትያውን የገበሬ ልጅ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት አቆመው።

ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ጥር 27 ቀን 1968 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር፤ በእነርሱ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1976። ተራራው ፓትሸርኮፍል ይባላል። መውረጃው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው 870 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ተራራ በ1964 ኦስትሪያዊው ኤጎን ሲመርማን ወርቅ አግኝቶበታል፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ሮስ ሚልን የተባለ ወጣት አውስትራሊያዊ በልምምድ ላይ ሳለ ሞቶበታል። ወርቅም ሞትም የሚያውቅ ተራራ ነው። ከግርጌው 60,000 ያህል ሕዝብ ቆሟል።

የሳፖሮው ባለ ወርቅ በርንሃርድ ሩሲ በሦስተኛ ቁጥር ወረደ። ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ከ06 መቶኛ ሆነ። ንጹሕ መውረድ ነበር። ከእርሱ በኋላ የወረዱት ሁሉ ሊደርሱበት አልቻሉም። ክላመር የመነሻ ቁጥሩ 15 ነበር። ከላይ፣ ከጎጆዋ ውስጥ፣ ቢጫ ልብሱን ለብሶ እየጠበቀ ነው። ዕድሜው 22። ቢያሸንፍ «ይጠበቅ ነበር» ይባላል። ቢሸነፍ ግን የሚሸነፈው ብቻውን አይደለም፤ ሽራንዝም ዳግመኛ ይባረራል።

የዚያን መውረድ ፊልም ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ አየሁት፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ስለ ስኪ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይህ ሰው በሥርዓት እየወረደ አይደለም። እጆቹ እንደ ወፍ ክንፍ ይዘረጋሉ፤ አንድ እግሩ ከበረዶው ይነሣል፤ በየመታጠፊያው «አሁንስ ወደቀ» ያሰኛል። ራሱም ከጊዜ በኋላ ሲናገር እስከ መጨረሻው የምወድቅ መስሎኝ ነበር ብሏል። በመካከል ባለው መለኪያ ሲያልፍ ከሩሲ ሰዓት ኋላ ነበር። ሕዝቡ አየ፤ ጩኸቱ ሊበርድ ሲል የመጨረሻው ክፍል መጣ። ክላመር ከዚያ በታች ያደረገው ሌሎች ፍጥነት በሚቀንሱበት አለመቀነስ ነበር። በአጥሩ ጥግ ሊገባ እስኪመስል ድረስ ስኪውን ለቀቀው። ሲደርስ ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ከ73 መቶኛ አለ።

ልዩነቱ 33 መቶኛ ሰከንድ ነው።

እኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ጀርባ ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሣጥኔ 33 ሳንቲም ቢጎድል ማንም በሰላሳ ሦስት ሳንቲም ልቡ አይደነግጥም፤ ከኪሴ አውጥቼ ሞልቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አንድ ሰከንድም እንደ አንድ ብር መቶ ሽራፊ አላት። በዚያች ሐሙስ ከመቶው ሽራፊ ሠላሳ ሦስቱ የአንድ አገር ቂም ማወራረጃ ሆኑ። በዚያ ፍጥነት ለሚበር ሰው ከዘጠኝ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ነው። ከአንድ ሳሎን ጫፍ እስከ ጫፍ የማይበልጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። የተሸነፈው ሩሲ መጥቶ አሸናፊውን አቀፈው። ወርቁን በሦስተኛ ቁጥር ወርዶ ለአሥራ ሁለት ሰው ያህል ጊዜ በእጁ ይዞት የቆየ፣ በአሥራ አምስተኛው የተነጠቀ ሰው ነው። ሁለቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጆች ሆነው ኖሩ። አገሮቻቸው የተቆጣጠሩትን ያህል እነርሱ አልተቆጣጠሩም።

* * *

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል። በ2021 ስለ ክላመር በኦስትሪያ የተሠራው ፊልምም የሚያጠነጥነው በዚያው በኢንስብሩክ ድል ላይ ነው። እኔ ግን የሰውየው ታሪክ ከዚህ በኋላ ይጀምራል ባይ ነኝ።

ክላመር በ1975፣ በ1976፣ በ1977 እና በ1978 ተከታትሎ የዓመቱ የቁልቁለት ባለ ዋንጫ ሆነ። በኪትስቢዩል ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ። ከላይ ሲታይ ቤቱ ሙሉ ነው። ነገር ግን በ1977 የእርሱን ፈለግ ተከትሎ በውድድር ላይ የነበረ ታናሽ ወንድሙ በቁልቁለት ውድድር ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ። ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ቀረ።

ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልፈልግም። የሰው ቤት ኀዘን ነው። ይህን ብቻ ግን እላለሁ። ለአንዱ ወንድም ወርቅ የሰጠው በረዶ ለሌላው ወንበር ሰጠው። ያም ተራራ፣ ያም ፍጥነት፣ ያው «ትንሽ ቆይ» ነው። ከዚያ በኋላ ታላቁ ወንድም በየሳምንቱ ወደዚያች ትንሽ ጎጆ ሲገባ በልቡ የነበረውን የሚያውቀው እርሱ ነው።

ከ1978 የመጀመሪያ ወራት በኋላ ክላመር ማሸነፍ አቆመ። አንዳንዱ የስኪ ፋብሪካ መለወጡን ምክንያት ያደርጋል፤ አንዳንዱ የወንድሙን አደጋ፤ አንዳንዱም «አበቃለት» ብሎ ዘጋው። አንድ ክረምት አለፈ፤ ሁለተኛው መጣ። የነገሠበት ውድድር ውስጥ በአሥረኛና በሃያኛ ተራ የሚፈለግ ስም ሆነ። በ1980 በአሜሪካ ሌክ ፕላሲድ በተደረገው ኦሊምፒክ የወርቁ ባለቤት ክላመር ከኦስትሪያ ቡድን ውጭ ሆነ። የአገሩ አሠልጣኞች አልመረጡትም። መጀመሪያ በተጠባባቂነት የሄደው ሌዮንሃርድ ሽቶክ በልምምድ ፈጥኖ ተገኝቶ ተሰለፈና ወርቁን ወሰደ። እንግዲህ የአሠልጣኞቹ ውሳኔ ልክ ሆነ፤ ክላመርም የሚያማርርበት ነገር አጣ። ሰው ሲበደል ቢያንስ በደሉ ያጽናናዋል፤ «ተበድዬ ነው» ይላል። ሽራንዝ እንኳ ከሰገነት ላይ እጁን የሚያነሣለት ሕዝብ አግኝቷል። ለክላመር ግን በደል እንኳ አልቀረለትም። ዝምታ ብቻ።

የአራት ዓመት ዝምታ ምን ይመስላል? ለዚህ ፊልም የለም። 60,000 ሰው አልቆመም። በየማለዳው ተነሥቶ ስኪ የሚሸከም፣ በልምምድ የሚወርድ፣ ከታች ደርሶ ቁጥሩን የሚያይ፣ ቁጥሩም መልካም ያልሆነ አንድ ሰው ነው። በ25፣ በ26፣ በ27 ዓመቱ። ዝናም፣ እንጀራም፣ ወርቅም ስላለው ቢተው የሚወቅሰው አልነበረም። በቤት ውስጥ ያለው ወንበርም «ተው» ብሎ ይመክረው ነበር ብዬ አስባለሁ።

አልተወም። በዲሴምበር 1981 በፈረንሳይ ቫል ዲዜር አሸነፈ። ከአራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ድርቅ በኋላ። በ1983 ለአምስተኛ ጊዜ የዓመቱ የቁልቁለት ባለ ዋንጫ ሆነ፤ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል አምስት ዓመት አለ። በጃንዋሪ 1984 ደግሞ በ30 ዓመቱ ወደ ኪትስቢዩል፣ ወደ አይጥ ወጥመዱ ተመለሰና ለአራተኛ ጊዜ አሸነፈ። ይህ የመጨረሻው የዓለም ዋንጫ ድሉ ነበር። በዚያው ወር የ1978 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የቡድን ጓደኛው ዮዜፍ ቫልሄር በአንድ ውድድር ላይ ወድቆ ሞተ። በረዶው በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም ገጹን አሳየ።

በተከታዩ ወር ሳራዬቮ ላይ በተደረገው ኦሊምፒክ ክላመር አሥረኛ ሆነ፤ ወርቁን አሜሪካዊው ቢል ጆንሰን ወሰደ። በነገራችን ላይ በዚያ ኦሊምፒክ ስዊድናዊው ስቴንማርክ በፕሮፌሽናልነት ምክንያት አልተፈቀደለትም። ከሽራንዝ 12 ዓመት በኋላ ያ ያረጀ ክስ ገና በሕይወት ነበር ማለት ነው። በ1985 ክላመር ከውድድር ተሰናበተ። በቁልቁለት 25 የዓለም ዋንጫ ድሎች አሉት፤ በወንዶች እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም። በኋላም በመኪና እሽቅድምድም ተሳትፏል፤ ፍጥነት የለመደ ሰው ቀስ ብሎ መሄድ አይችልምና። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በስፖርት አደጋ የተጎዱ ሰዎችን የሚረዳ ድርጅት በስሙ ተቋቋመ። ያ ድርጅት ከየትኛው ወንበር አጠገብ እንደ ተፀነሰ መናገር አያስፈልገኝም።

* * *

እነሆ፣ ውድ አንባብያን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ የ22 ዓመት ጎረምሳ ነው፤ በ60,000 ሰው ጩኸት ተገፍቶ የወረደ። እርሱን ሁሉም ያውቀዋል። ሌላው የ28 ዓመት ሰው ነው፤ ማንም ሳይገፋው የወረደ። እርሱን የሚያውቀው ጥቂት ነው። አገር የመጀመሪያውን ታስታውሳለች፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ለአገር ወረደ። ሁለተኛው ግን ለራሱ፣ ምናልባትም ለወንድሙ ነው የወረደው።

አንድ ሕዝብ ከአንድ ሰው ምን ያህል መጠየቅ ይችላል? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ምሽት ቆይቻለሁ። አገር ሲበደል ልጇን «ካሳዬን አምጣ» ትለዋለች፤ ቢያመጣ ትስመዋለች። የሳመችው አፍ ግን አራት ዓመት ሲሸነፍ ስሙን ለመጥራት ይከብደዋል። ይህ የኦስትሪያ ጠባይ ብቻ አይመስለኝም። እኛም ሯጮቻችንን በአየር ማረፊያ በአበባ ተቀብለን፣ ሲደክሙ የት እንደ ገቡ የማንጠይቅበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የክላመርን ታሪክ ያነበበ ሰው በ33ቱ ሽራፊ ብቻ እንዳይቆም እለምናለሁ። ሠላሳ ሦስቱ ሽራፊ በሰዓት ተቆጥሯል፤ ተመዝግቧል። ያልተቆጠረው በ1978 እና በ1981 መካከል የነበሩት ማለዳዎች ናቸው። እኔ ቆጣሪ ስለሆንኩ ያልተቆጠረ ነገር ያሳስበኛል።

ከዚህ በታች ያሉትን ስንኞች አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ቋጥሬያቸዋለሁ፤ ጉድለታቸውን በይቅርታ እለፉልኝ።

ሽቅብ ነው ያላችሁ፣ የክብርን ጎዳና፣
ተመልከቱ ይህን፣ በቁልቁል ወጥቷልና።
ወርቅማ የአንድ ቀን፣ ሕዝብ ይሰበሰባል፤
የዝምታው ዓመት፣ በማን ይታሰባል?
መውደቅስ ለሁሉም፣ ሳይጠሩት ይመጣል፤
ጭብጨባ ሳይሰማ፣ ዳግም ማን ይወጣል?